ከፎርድ ኩባንያ እስከ ዓለም ባንክ፤ የሮበርት ማክናማራ የሥራ ዘመን

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ንግግሬ አንድ የንግድ ሰው የመንግሥትን ሥራ ሲይዝ ምን ይዞ ይመጣል፤ ምንስ ይጐድለዋል የሚለውን ጥያቄ የሚመለከት ነው። ይህ ጥያቄ በሻይ ቤትም በመኝታ ቤትም ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሰምታችሁታል። አንደኛው ወገን፤ «መሥሪያ ቤቶቻችን እንደ ኩባንያ ቢመሩ ኖሮ ጉዳይ ባልዘገየ፤ ገንዘብም ባልባከነ ነበር» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፤ «ነጋዴ ትርፉን እንጂ ሕዝቡን አያይም፤ ከመንግሥት ደጅ ይራቅ» ሲል ይመልሳል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ በጩኸት ያልቃል እንጂ አንድ ሰው በስም ተጠርቶ፤ ሥራው ተዘርዝሮ ሲመረመር አይታይም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፤ እኔ ዛሬ ክርክሩን በአንድ ሰው የሥራ ታሪክ ላይ ለማቆም አስቤአለሁ። ሰውየው አሜሪካዊው ሮበርት ማክናማራ ናቸው።

እሳቸውን የመረጥሁበት ምክንያት ይህ ነው። ማክናማራ በሦስት ትልልቅ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል፤ የፎርድ ኩባንያ ፕሬዚዳንት፤ ከዚያም የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር፤ በመጨረሻም የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በሦስቱም ቦታ የያዙት መሣሪያ አንድ ነው፤ እሱም ቍጥር ነው። መሣሪያው አንድ ሆኖ ሳለ የተገኘው ውጤት ግን የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ነው። ለምን ተራራቀ? የዛሬው ሥራችን ይህን መመርመር ነው። የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውቅ።

ማክናማራ በ1916 በካሊፎርኒያ ግዛት በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በአንድ የጫማ ጅምላ ንግድ ድርጅት የሽያጭ ኀላፊ ነበሩ። ልጁ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ኤኮኖሚክስ ተምረው በ1937 ተመረቁ፤ በ1939 ከሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ ጥቂት ቆይተውም እዚያው የሒሳብ አያያዝ መምህር ሆኑ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የአሜሪካ አየር ኀይል እንደሳቸው ያሉትን የቍጥር ሰዎች ፈለገ። ስንት አይሮፕላን አለ? ስንቱ ይበራል? ስንቱስ መለዋወጫ አጥቶ ቆሟል? አንድ ቶን ቦምብ ለመጣል ስንት ነዳጅ ይፈጃል? ይህን ሁሉ የሚያሰላ የስታቲስቲክስ ክፍል ተቋቋመ፤ ማክናማራም በዚያ ሠሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ ከዚሁ ክፍል የወጡ 10 መኮንኖች «ሁላችንንም አንድ ላይ ቅጠሩን» ብለው ለፎርድ ኩባንያ አመለከቱ፤ በ1946ም ተቀጠሩ። ከነሱ አንዱ ማክናማራ ነበሩ።

በዚያን ጊዜ የፎርድ ኩባንያ ስሙ ትልቅ፤ ውስጡ ግን የተናጋ ቤት ነበር። መሥራቹ ሽማግሌው ሄንሪ ፎርድ የሒሳብ ሰዎችን አይወዱም ነበር፤ ኩባንያውን የተረከበው የልጅ ልጃቸው ቤቱ በየወሩ በሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር ሲከስር አገኘው። በአንድ ክፍል የዕዳው መጠን የሚገመተው የሒሳብ ወረቀቱን ክምር በሚዛን በመመዘን ነበር እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል። ማክናማራና ጓደኞቻቸው ይህን ቤት ሥርዓት አስያዙት። የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ፤ መኪናው ተሠርቶ እስኪሸጥ ገንዘቡ የሚፈስበት ቦታ፤ ሕዝቡ በሚመጣው ዓመት የሚፈልገው የመኪና ዓይነት፤ ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ እንዲሰፍር ሆነ። ማክናማራ ራሳቸው ጌጥ የበዛበትን መኪና አይወዱም ነበር። ፋልከን የተባለችው አነስተኛና ርካሽ መኪና በ1959 የወጣችው በሳቸው ግፊት ነው። በ1956ም ኩባንያው የመቀመጫ ቀበቶ ለደንበኞቹ እንዲያቀርብ ካደረጉት አንዱ ናቸው።

ለዛሬው ነገራችን ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ኤድሰል የተባለው መኪና ነው። ፎርድ ይህን መኪና ለማውጣት ብዙ ገንዘብ አፈሰሰ፤ የገበያውን ፍላጎት አስጠና፤ በሴፕቴምበር 1957 በታላቅ ማስታወቂያ ለሽያጭ አቀረበው። ሕዝቡ ግን አየውና አለፈው። በኖቬምበር 1959 መኪናው መሠራቱ ቆመ፤ ኩባንያውም 250 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከሰረ። ማክናማራ «ይቁም» ከሚሉት ወገን ነበሩ። ልብ አድርጉ፤ የጥናቱ ቍጥር የተሳሳተ መሆኑን ለኩባንያው የነገረው ሌላ ጥናት አይደለም። ኪሱን ዘግቶ የሄደው ደንበኛ ነው። በንግድ ቤት ስሕተት ረጅም ዕድሜ የማይኖረው ዕቃውን የሚገዛው ሰው «እምቢ» ለማለት ማንንም ስለማያስፈቅድ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ማክናማራ በኖቬምበር 9 ቀን 1960 የፎርድ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከ1906 ወዲህ ከፎርድ ቤተሰብ ውጭ በዚያ ወንበር የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ዕለቱ ጆን ኬኔዲ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት በተመረጡ ማግሥት ነው። አምስት ሳምንት ያህል እንደ ቆዩ የገንዘብ ሚኒስትርነትን ወይም የመከላከያ ሚኒስትርነትን እንዲመርጡ ተጠየቁ። ማክናማራ ለዚህ የሚያበቃ ዕውቀት የለኝም ቢሉ፤ ኬኔዲ ለፕሬዚዳንትነትም ቢሆን የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንደሌለ ነገሯቸው ይባላል። ማክናማራም የበታች ሹሞቼን ራሴ ልምረጥ የሚል ቃል አስገብተው መከላከያን ተቀበሉ። በኩባንያው ቢቈዩ የሚያገኙትን በሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር ትተው በዓመት 25,000 ዶላር ወደሚከፈልበት ሥራ ሄዱ። ስለዚህ «ነጋዴ ወደ መንግሥት የሚገባው ሊዘርፍ ነው» የሚለው ወገን በዚህ ሰው ላይ ማስረጃ አያገኝም። ማክናማራ ጕቦ አልበሉም፤ ዘመድ አልሾሙም፤ ቀንና ሌሊት ይሠሩ ነበር። ጥፋታቸው ከስግብግብነት የመጣ ባለመሆኑ ታሪካቸው ለኛ ይበልጥ ያስተምራል።

በመከላከያ ሚኒስቴር ያገኙት ነገር ከቀድሞው የፎርድ ቤት ብዙ አይለይም ነበር። የምድር ጦሩ፣ የባሕር ኀይሉና የአየር ኀይሉ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን በጀት ያዘጋጃሉ፤ አንዱ የሚያደርገውን ሌላው አያውቅም፤ ለአንድ ዓይነት ሥራ ሦስት ዓይነት ዕቃ ይገዛል። ማክናማራ ቻርልስ ሂች ከተባሉት የኤኮኖሚ ሊቅ ጋራ ሆነው አዲስ የዕቅድና የበጀት ሥርዓት አቆሙ። አሳቡ እንዲህ ነው። በጀት የሚመደበው ለመሥሪያ ቤቱ ስም ሳይሆን ለሚፈለገው ውጤት ነው፤ ወደዚያ ውጤት የሚያደርሱት መንገዶች ከነዋጋቸው ተነጻጽረው ይቀርባሉ፤ ወጪውም የአንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን የአምስት ዓመት ሆኖ ይታያል። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 ሌሎቹም መሥሪያ ቤቶች በዚህ ሥርዓት እንዲሠሩ አዘዙ፤ ከዚያም ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። የፕሮግራም በጀት እየተባለ በክፍል የምንማረው ትምህርት ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነው።

በኦክቶበር 1962ም ሶቪየት ኅብረት በኩባ ሚሳይል ባቆመች ጊዜ፤ ጄኔራሎቹ አሁኑኑ ቦምብ እንጣል ሲሉ፤ የባሕሩን መንገድ መዝጋት ይሻላል ብለው ከመከሩት ሰዎች ማክናማራ አንዱ ነበሩ። ዓለም ከኑክሊየር ጦርነት አፋፍ በተመለሰችበት በዚያ ሰሞን የነበራቸውን ድርሻ መካድ አይገባም።

ይሁን እንጂ የመኪና ፋብሪካ ልማድ የማይሠራበት ቦታ እንዳለ ፈጥኖ የታየው በአይሮፕላን ሥራ ነው። ለአየር ኀይሉና ለባሕር ኀይሉ አንድ ዓይነት ተዋጊ አይሮፕላን ቢሠራ ብዙ ገንዘብ ይተርፋል ብለው አዘዙ። ከረጅም የአየር ሜዳ የሚነሣና ከመርከብ ላይ የሚነሣ አይሮፕላን ግን በአንድ ልክ የሚሰፋ ልብስ አይደለም። ለባሕር ኀይሉ የታሰበው እጅግ ከብዶ በ1968 ተሰረዘ። ይህ ጕዳት በገንዘብ የሚለካ ነው። የቬትናም ጕዳት ግን ከዚህ ሚዛን ያልፋል።

በ1960 መጨረሻ በደቡብ ቬትናም የነበሩት የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎች ከ1,000 አይበልጡም ነበር። በ1963 መጨረሻ 16,000 ያህል ሆኑ፤ በ1967 መጨረሻ የአሜሪካ ወታደር በዚያ አገር ከ480,000 በላይ ደረሰ። ማክናማራ በ1962 ቬትናምን ሲጐበኙ፤ የያዝነው መለኪያ ሁሉ እያሸነፍን መሆናችንን ያሳያል ብለው ተናገሩ። በእርግጥም መለኪያ አልጠፋም። የተጣለው ቦምብ በቶን፤ የተማረከው መሣሪያ በቍጥር፤ በመንግሥት እጅ ያለው መንደር በመቶኛ እየተሰላ ዋሽንግተን ይደርስ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ግን የተገደለው ጠላት ቍጥር፤ ማለት የሬሳው ቈጠራ ነበር።

የሬሳ ቈጠራ ለምን አስፈለገ? በዚያ ጦርነት ተይዞ የሚቀር ከተማ፤ እየተገፋ የሚሄድ ግንባር ስላልነበረ የድል ምልክት የተደረገው የጠላት ሬሳ ነው። እንግዲህ የጦር አዛዡ ሹመትና ሽልማት በዚህ ቍጥር የሚታይ ሲሆን ምን ይከተላል? አንድም ሬሳው በወረቀት ላይ ይበዛል፤ አንድም በእርሻው ላይ የወደቀ ገበሬ ሁሉ ጠላት ተብሎ ይቈጠራል። በቬትናም ሁለቱም ሆነ። ቍጥር አቅራቢው በዚያው ቍጥር የሚሾም ከሆነ ቍጥሩ ምስክርነቱ ይቀርና ጕቦ ይሆናል።

ስለ ኤድዋርድ ላንስዴል፤ ስለ አንድ የአየር ኀይል ጄኔራል የሚተረክ ነገር አለ። ማክናማራ የጦርነቱን መለኪያዎች በወረቀት ዘርዝረው ቢያሳዩአቸው ጄኔራሉ አንድ ነገር ጐድሎበታል አሉ። ምንድን ነው ቢባሉ፤ የቬትናም ሕዝብ ስሜት ነው ሲሉ መለሱ። ይህ ደግሞ በምን ይለካል? መለኪያ ስላልተገኘለት ከሠንጠረዡ ሳይገባ ቀረ ይባላል። ጦርነቱን የወሰነው ግን ይኸው ከሠንጠረዡ የቀረው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ወደ ኤድሰል መኪና ልመልሳችሁ። በፎርድ ቤት ስሕተቱን ያረመው እምቢ ያለው ደንበኛ ነበር። በቬትናምስ የማክናማራ «ደንበኛ» ማን ነው? አንደኛው ሩዙ የተቃጠለበት ገበሬ ነው፤ እሱ እምቢ ቢል ጠላት ተብሎ ይቈጠራል። ሁለተኛው ለጦርነት የሚመለመለው የአሜሪካ ወጣት ነው፤ እሱም እምቢ ቢል ወህኒ ይጠብቀዋል። ሁለቱም የሚሉትን ወደ ሚኒስትሩ ጠረጴዛ የሚያደርስ ቍጥር አልነበረም። በዚህ ምክንያት የመኪናው ስሕተት በሁለት ዓመት ሲቆም የጦርነቱ ስሕተት ከ10 ዓመት በላይ ኖረ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ሥራ ይህን ነገር ይበልጥ ያሳየናል። በ1966 ማክናማራ ፕሮጀክት 100,000 የተባለውን ሥራ አስጀመሩ። የጦሩን የመግቢያ ፈተና ማለፍ ያልቻሉ ወጣቶች፤ አብዛኞቹም የድሆች ልጆች፤ በየዓመቱ 100,000 ያህል እንዲገቡ የሚያደርግ ነበር። ዓላማው ለድሃው ልጅ ሙያ ማስተማር ነው ተባለ፤ ማክናማራም ከልብ ያመኑበት ይመስላል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ300,000 በላይ ወጣቶች ገቡ። ነገር ግን ከነሱ ብዙዎች ለሙያ ትምህርት ሳይሆን ለውጊያ ተመደቡ፤ ሞታቸውም ከሌሎቹ ወታደሮች በሚበልጥ መጠን ሆነ። በዕቅዱ ላይ የገቡት ቍጥር ሞልቷል። የዕቅዱ ባለቤቶች የተባሉት ልጆች ግን ይበጃችኋል ወይ ተብለው የተጠየቁበት ቀን አልነበረም።

ማክናማራ እውነቱ የተሰወረባቸው ሰው አልነበሩም። ከ1965 መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ በመሣሪያ ብዛት እንደማይፈታ እየገባቸው ሄዷል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 2 ቀን አንድ ሰው ጦርነቱን በመቃወም ከመሥሪያ ቤታቸው መስኮት ሥር ራሱን በእሳት አቃጥሎ ሞተ። በ1967 አሜሪካ ወደዚህ ጦርነት እንዴት እንደ ገባች ከሥሩ እንዲጠና በምስጢር አዘዙ፤ ይህ ጥናት በ1971 ሾልኮ በጋዜጣ ሲወጣ ዓለምን አስደነቀ። በኖቬምበር 1 ቀን 1967 ለፕሬዚዳንት ጆንሰን በጻፉት ማስታወሻ የወታደሩ ቍጥር እንዳይጨመር፤ በሰሜን ቬትናም ላይ የሚጣለውም ቦምብ እንዲቆም መከሩ። ምክሩ ተቀባይነት አላገኘም። በዚያው ወር ወደ ዓለም ባንክ እንደሚሄዱ ተነገረ፤ በፌብሩዋሪ 1968 መጨረሻ ሥራቸውን ለቀቁ።

በአደባባይ ግን ዝም አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነ። ጦርነቱ ስሕተት እንደ ነበረ በመጽሐፍ ያወጡት በ1995፤ ይኸውም ከለቀቁ ከ27 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ጦርነት ከሞቱት ከ58,000 በላይ አሜሪካውያን ከግማሽ የሚበልጡት የሞቱት ማክናማራ ከወጡ በኋላ ነው። የቬትናም መንግሥት በ1995 እንዳስታወቀው ደግሞ የቬትናም ሙታን ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

የሚሟገቱላቸው ሰዎች፤ ሚኒስትር ለሾመው ፕሬዚዳንት ታማኝ መሆን አለበት፤ ወታደር በጦር ሜዳ ሳለ ሚኒስትሩ አደባባይ ወጥቶ ቢናገር ጠላትን ይረዳል ይላሉ። በኩባንያ ልማድ ይህ ትክክል ነው። የኩባንያ ሹም ከሥራ ሲወጣ የቤቱን ምስጢር ይዞ ይወጣል እንጂ በየጋዜጣው አይዘራም፤ የቀጠሩት ባለ አክሲዮኖች ናቸውና። የመንግሥት ባለሥልጣን ጌታ ግን የሾመው ሰው ብቻ አይደለም። ልጁን ለጦርነት የሰጠ አባትና እናት ሁሉ ጌታው ነው። እነዚህ ሰዎች ሚኒስትሩ በልቡ የያዘውን ቢያውቁ ኖሮ ምን ይሉ እንደ ነበር የመናገር ዕድል አላገኙም። በእኔ አስተያየት ከንግድ ቤት ወደ መንግሥት ቤት ሲሻገር በጣም የሚጐዳው ልማድ ይህ የዝምታ ልማድ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ወንበር እንለፍ። ማክናማራ ከኤፕሪል 1968 እስከ ጁን 1981 ድረስ የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ይህ ባንክ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በ1950 ለአውራ ጐዳና ሥራና ለልማት ባንክ በተበደረች ጊዜ ከአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያዋ ተበዳሪ ነበረች። ማክናማራ ሲገቡ ባንኩ በዓመት የሚያበድረው 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን ሲወጡ ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊት ባንኩ በይበልጥ የሚያበድረው ለመንገድ፣ ለወደብና ለኤሌክትሪክ ኀይል ነበር፤ እሳቸው ግን ለእርሻ፣ ለትምህርትና ለአነስተኛው ገበሬ ፊቱን እንዲያዞር አደረጉት። በ1970 በወላይታ የተጀመረው የእርሻ ልማት ሥራ በዚሁ ባንክ ገንዘብ የተረዳ ነው።

በሴፕቴምበር 1973 የባንኩ ጉባኤ በናይሮቢ ተደረገ። ማክናማራ በዚያ ባደረጉት ንግግር በታዳጊ አገሮች ካለው ሕዝብ 40 በመቶ ያህሉ በፍጹም ድህነት እንደሚኖር አመለከቱ፤ የአነስተኛው ገበሬ ምርትም እስከ 1985 በየዓመቱ 5 በመቶ ወደሚያድግበት ደረጃ እንዲደርስ ግብ አቆሙ። የአንድ ትልቅ ባንክ ፕሬዚዳንት ስለ ወለድ ሳይሆን ስለ ድሃው ገበሬ በዚህ አኳኋን መናገሩ ትልቅ ነገር ነበር።

ያ ንግግር ሲደረግ ግን ከኬንያ በስተሰሜን፤ በኛው አገር በወሎ፤ ገበሬው በረኀብ እየረገፈ ነበር። ይህን የማነሣው ማክናማራን ለመክሰስ አይደለም። የወሎ ገበሬ በማንም ሠንጠረዥ አልገባም ነበር፤ የገዛ መንግሥቱ ደብቆታልና። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ያን ጊዜ ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው የመጡትና በግቢያቸው ለሕዝብ ያሳዩት የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ፤ ተማሪዎችም ከነሱ ጋራ ጮኹ። በኦክቶበር 1973 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የረኀቡን ፊልም ሲያሳይ ዓለም ሰማ። 40 በመቶ የተባለው ቍጥር እውነት ነበር፤ ነገር ግን አንድን የወሎ ገበሬ ከሞት ለማዳን መጀመሪያ ሄዶ የሚያይ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ተቺዎቻቸው እንደሚሉት፤ በባንኩም የድሮው ልማድ ማክናማራን አልለቀቃቸውም። ሠራተኛው የሚመሰገነው ባቀረበው የብድር መጠን ሆነ፤ ብድሩ ያፈራው ፍሬ ግን የሚታየው ሠራተኛው ወደ ሌላ ክፍል ከተዛወረ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ብድር መቍጠር ፍሬ ከመቍጠር ይቀላል።

ይሁንና በዚሁ ባንክ ሳሉ የተጀመረ አንድ ሥራ እስከ ዛሬ ሲመሰገን ይኖራል። በ1972 ማክናማራ ወደ ላይኛው ቮልታ፤ ዛሬ ቡርኪና ፋሶ ወደምትባለው አገር ሄደው፤ ዓይነ ስውር የሆኑ ሰዎች በሕፃናት እየተመሩ ሲሄዱ አዩ። በምዕራብ አፍሪካ በፈጣን ወንዞች ዳር የምትራባ ጥቁር ዝንብ አለች። ስትነድፍ ጥቃቅን ትል ወደ ሰው ሰውነት ታስገባለች፤ ትሉ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል። ሕዝቡም ለሙን የወንዝ ዳር መሬት ጥሎ ወደ ደረቁ መሬት ይሰደድ ነበር። በ1974 ዓለም ባንክ፣ የዓለም የጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች አብረው ሥራውን ጀመሩ፤ ከ7 አገሮች ተነሥቶ 11 አገሮች ደረሰ። ሄሊኮፕተርና አይሮፕላን በየወንዙ ላይ እየበረረ የዝንቧን ዕጭ የሚገድል መድኃኒት ይረጭ ነበር። ትሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ስለሚኖር ሥራው ከአንድ ሹም ዘመን እንደሚያልፍ ከመጀመሪያው ታውቆ ነበር። በ2002 ሲፈጸም 40 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ከበሽታው ተጠብቆ፤ 600,000 ያህል ሰው ከዕውርነት ድኖ፤ 25 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ለእርሻ ክፍት ሆኗል።

እንግዲህ ያው ሰው፤ ያው የቍጥር ፍቅር፤ በአንዱ ቦታ ጥፋት፤ በሌላው ልማት አመጣ። ልዩነቱ ከምን መጣ? እኔ ሦስት ነገር አያለሁ። አንደኛ፤ ማክናማራ ችግሩን በዓይናቸው ካዩ በኋላ ነው ቍጥሩን የፈለጉት። ሁለተኛ፤ ቈጣሪዎቹ ሐኪሞችና የዝንብ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ የዝንቡ ቍጥር አነሰ ብለው በመዋሸት የሚያገኙት ሹመት አልነበረም። ሦስተኛውና ዋናው፤ በዚህ ሥራ እምቢ ሊል የሚችል ሰው ነበረ። ገበሬው ዝንቧ መጥፋቷን ካመነ ወደ ወንዙ ዳር ተመልሶ ያርሳል፤ ካላመነ አይመለስም፤ ተመለስ ብሎ የሚያስገድደውም የለም። ሥራው መሳካቱን በመጨረሻ የመሰከረው ተመልሶ ያረሰው ገበሬ ነው።

ጓደኞቼ፤ ከዚህ በኋላ በመጀመሪያ ወደ ጠቀስኋቸው ሁለት ወገኖች እመለሳለሁ። መሥሪያ ቤት እንደ ኩባንያ ይመራ የሚለው ወገን ግማሽ እውነት ይዟል። የማይቈጥር መንግሥት የሚሠራውን አያውቅም፤ ማክናማራም የመከላከያን በጀት ሥርዓት በማስያዛቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ይህ ወገን የሚረሳው ግን ኩባንያን የሚያርመው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ሳይሆን ደንበኛውም መሆኑን ነው። የኩባንያውን ሥራ አስኪያጅ አምጥቶ ደንበኛውን ከውጭ መተው ግማሹን ማሽን ማምጣት ነው። ነጋዴ ይራቅ የሚለው ወገንም የሚረሳው ነገር አለ፤ የወሎን ረኀብ የደበቁት ነጋዴዎች አልነበሩም። ስለዚህ ጥያቄው ሹሙ ከየት መጣ የሚለው ሳይሆን፤ ሲሳሳት ማን ይነግረዋል የሚለው ነው። ጋዜጣ፣ ፍርድ ቤት፣ ምክር ቤት፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ የተማሪ ማኅበር፤ እነዚህ ሁሉ በመንግሥት ሥራ ላይ የደንበኛውን «እምቢ» የሚተኩ ናቸው። ሥራ ያዘገያሉ እየተባሉ ሲወቀሱ በምትሰሙበት ጊዜ የኤድሰልን መኪና አስታውሱ።

ከመካከላችሁ ብዙዎች በጥቂት ዓመት ውስጥ በየሚኒስቴሩ፣ በየባንኩና በየድርጅቱ ትቀመጣላችሁ። ሪፖርት ትጽፋላችሁ፤ ሪፖርት ትቀበላላችሁ። ዕቅዱ በመቶ ዘጠና ምናምን ተፈጽሟል የሚል ወረቀት ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ፤ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ። ይህን ቍጥር የቈጠረው ማን ነው፤ ቍጥሩ ቢያድግለትስ ምን ያገኛል? ከሠንጠረዡ የቀረው ነገር ምንድን ነው? ቍጥሩ ሐሰት ቢሆን ጕዳቱ የሚወድቀው በማን ላይ ነው፤ ያ ሰውስ እኔ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ አለው ወይ? የሦስተኛው ጥያቄ መልስ «የለውም» ከሆነ፤ ወረቀቱን ትታችሁ ወደ ሰውየው ሂዱ። ሄዳችሁ ያያችሁት ከወረቀቱ ጋራ የማይስማማ ከሆነም ለመናገር 27 ዓመት አትጠብቁ።

ማክናማራ በጁላይ 2009 በ93 ዓመታቸው አረፉ። እኔ እንደማያቸው የተማሩ፣ የሚተጉ፣ ገንዘብ ያላታለላቸው ሰው ነበሩ። እኛም የተማርንና የምንተጋ ለመሆን ነው እዚህ የተሰበሰብነው። ይህ ብቻውን እንደማይበቃ የሳቸው የሥራ ዘመን ይመሰክራል።

በዚህ አስተያየት የማይስማማ ጓደኛ ካለ መድረኩን ለሱ እለቃለሁ፤ ክርክሩም ከዚህ ይቀጥል።